ቀጥ ብሎ መቆም
ስለ አቋቋም፣ ስለ አቀማመጥና ስለ ሸክም አጭር ጥናት

ከመጻሕፍት ቤታችን በር አጠገብ ሆኖ ገቢና ወጪውን ተማሪ ለጥቂት ደቂቃ የተመለከተ ሰው፥ ስለ ትምህርታችን ምንም ባይረዳ ስለ ጀርባችን ግን በቂ ትምህርት ያገኛል። አንዱ አንገቱን አስቀድሞ እግሩን ያስከትላል፤ ሁለተኛው የመጻሕፍት ቦርሳውን ባንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ሦስተኛው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ መንገዱን በግምት ይሄዳል። ዕድሜያችን ሃያና ሃያ ሁለት ሲሆን አቋቋማችን የአባቶቻችንን አባቶች ይመስላል። እነርሱ ግን የጎበጡት ስድሳ ዓመት አርሰው ነው፤ እኛ ምን አርሰን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ቁንጅና ለመናገር አይደለም። ሦስት ጥያቄዎችን ለመመርመር ነው፤ ይኸውም ቀጥ ያለ አቋቋም ማለት ምን ማለት ነው? ጥቅሙስ እስከ ምን ድረስ የተረጋገጠ ነው? እኛ ተማሪዎችስ ለራሳችንና ለቤተ ሰቦቻችን ምን ልናደርግ እንችላለን? ጸሐፊው የሥነ ጥበባት እንጂ የሕክምና ተማሪ ስላልሆነ፥ ስለ አካል አሠራር የሚነገረው ሁሉ ማንኛውም አንባቢ ሊከተለው በሚችል ቋንቋ ተጽፏል።

1. የአከርካሪ አሠራር

የሰው አከርካሪ በልጅነት 33 አጥንቶች አሉት። ከነዚህም 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በደረት፣ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ፤ እነዚህ 24ቱ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ከወገብ በታች ያሉት 5 አጥንቶችና የመጨረሻዎቹ 4 ትንንሽ አጥንቶች ግን ሰው ሲያድግ እየተጋጠሙ ይዋሐዳሉ። በአጥንቶቹም መካከል ኅብለ ሰረሰር የሚባለው ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ ያልፋል። እንግዲህ አከርካሪ ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው፤ አንደኛ ምሰሶ ነው፥ ሁለተኛ የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ሣጥን ነው።

ብዙ ሰው «ቀጥ በል» ሲባል እንደ ማስመሪያ መገተር ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ጤነኛ አከርካሪ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በአንገት ላይ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፥ በደረት በኩል ወደ ኋላ ወጣ ይላል፥ በወገብ ላይ ደግሞ እንደገና ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ መጠማዘዝ ሰው ሲራመድና ሲዘል ከእግር የሚመጣውን ግፊት እያላላ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። የቆሰበርን ደጋ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ከቀርቀሃ ሊማረው ይችላል። ቀርቀሃ አንጓ በአንጓ የተቀጣጠለ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይለመጣል፥ ነፋሱ ሲያልፍ ይመለሳል፤ ቀጥ ብሎ የሚያድገውም መለመጥ ስለሚችል ነው።

በየሁለቱ አጥንቶች መካከል ውሃ የያዘ፣ ጠርዙ ጠንካራ መሐሉ ለስላሳ የሆነ ትራስ አለ። ይህ ትራስ በአዋቂ ሰው ዘንድ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው ከአጠገቡ ካለው አጥንት ቀስ በቀስ በሚሰርገው ፈሳሽ ነው፤ ለዚህም እንደ ስፖንጅ መጨመቅና መለቀቅ ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ የላዩን ክብደት ሲሸከም ስለሚውል ውሃው ይቀንሳል፥ ሌሊት ስንተኛ ደግሞ ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ ማንኛችንም ብንሆን ጠዋት ስንነሣ ከማታው ይልቅ በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንረዝማለን። ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር የአከርካሪ ጠላት መጉበጥ ብቻ እንዳልሆነ ነው። በማናቸውም ሁኔታ ቢሆን ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ራሱ ጠላቱ ነው።

2. ከፈረሰኛው የምንማረው

በአዊ ምድር ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ፈረሰኞች ናቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቆሰበር፥ ማለት በዛሬዋ እንጅባራ ከተማ፥ በዓሉን ያከብራል። በዚያን ዕለት ፈረሱ በግላስ አሸብርቆ፥ ሽማግሌውም ጎረምሳውም በአንድነት ሲሰልፍ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በእግሩ ሲሄድ ከዘራ የሚይዘው አዛውንት በኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ጀርባው ይቃናል።

ምክንያቱ ክብር ብቻ አይደለም፥ ሚዛንም ነው። ጥሩ ፈረሰኛ ከጎን ሲታይ ጆሮው፣ ትከሻው፣ ዳሌውና ተረከዙ ባንድ መስመር ላይ ለመዋል ይቀርባሉ። ወደ ፊት ከጎበጠ ፈረሱ ሲቆም በአንገቱ ላይ ይወድቃል፤ ወደ ኋላ ከተገተረ ፈረሱ ሲነሣ ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ማለት የሚያሻው ፈረሰኛው ቀጥ ብሎ ሳለ ግትር አለመሆኑን ነው። ወገቡ ከፈረሱ እርምጃ ጋር ይወዛወዛል፤ ሆዱና ጀርባው ያሉት ጡንቻዎች በየቅጽበቱ እየጠበቁና እየላሉ ይሠራሉ። ጀማሪ ብቻ ነው ትንፋሹን ይዞ እንደ ግንድ የሚቀመጠው፤ እርሱም ሲመሽ ወገቤን ይላል። እንግዲህ «ቀጥ ማለት» እና «መገተር» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከኮርቻ ላይ መማር ይቻላል።

በቤተ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ጥበብ እናያለን። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የሚቆሙ ካህናት መቋሚያ ይይዛሉ። ብብታቸውን በመቋሚያው ላይ ያሳርፋሉ፥ ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ፥ በዝማሬውም ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እረኛም በዱላው ተደግፎ አንድ እግሩን ያሳርፋል። አባቶቻችን ለረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው ክብደቱን ማዛወርና መደገፊያ ማግኘት እንደሚገባው በልምድ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

3. የተረጋገጠውና ያልተረጋገጠው

ስለ አቋቋም ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከራስ ምታት እስከ ሆድ ድርቀት ሁሉን ይፈውሳል የሚሉ አሉ። ተማሪ የሆነ ሰው የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው መለየት ስለሚገባው ነገሩን በየተራ እንመልከት።

በ1960ዎቹ (እ. ኤ. አ.) አልፍ ናኬምሰን የተባለ የስዊድን ሐኪም በፈቃደኞች የወገብ ትራስ ውስጥ መርፌ እያስገባ ግፊቱን ለካ። ባገኘውም ውጤት መሠረት ሰው ሲቀመጥ በትራሱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከቆመበት ጊዜ ይበልጣል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ሲልና ጎንበስ ብሎም ዕቃ ሲያነሣ ደግሞ እጅግ ይጨምራል። በ1999 እ. ኤ. አ. በጀርመን አገር እንደገና ሲለካ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ከባድ መሆኑ ጸና፤ ወደ ኋላ ተደግፎ ዘና ብሎ መቀመጥ ግን ከመቆም የከፋ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ በወንበር መደገፊያ ላይ ጀርባውን ያሳረፈ ተማሪ ሰነፍ ነው ተብሎ መነቀፍ የለበትም።

ስለ አንገትም እንዲሁ ነው። የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ2014 እ. ኤ. አ. አንድ የኒው ዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ሐኪም ባወጣው ስሌት መሠረት፥ ራስ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ሲያዘነብል አንገት የሚሸከመው 27 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ስሌት እንጂ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። ቢሆንም ባልዲ ውሃ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ የያዘና ክንዱን ዘርግቶ የያዘ ሰው ያለባቸውን ልዩነት የሚያውቅ ሁሉ መሠረተ ሐሳቡን አይስተውም።

ስለ መተንፈስ ያለው ነገር ግልጽ ነው። ሰው ተሸብልሎ ሲቀመጥ የጎድን አጥንቶቹ ወደ ታች ይጫናሉ፥ ሆዱም ይጨመቃል፤ ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ ለመውረድ ቦታ ያጣል። በመለኪያ ሲታይ ተሸብልሎ የተቀመጠ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስገባው አየር ቀጥ ብሎ ከተቀመጠው ያንሳል። እንደ ቆሰበር ባለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ፥ አየሩ ራሱ ስስ በሆነበት አገር፥ በብርዱ ምክንያት በጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ደረትን አጥፎ መዋል ተጨማሪ ኪሳራ ነው።

ስለ መንፈስ የሚነገረው ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። በ2010 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ደረትን ነፍቶ ለሁለት ደቂቃ መቆም በደም ውስጥ ያሉትን ቅመሞች ለውጦ ሰውን ደፋር ያደርጋል ብሎ ነበር። በ2015 እ. ኤ. አ. በ200 ሰዎች ላይ ሲደገም ተሳታፊዎቹ የብርታት ስሜት እንደተሰማቸው ቢናገሩም፥ የደሙ ለውጥ አልታየም። ፈተና በደረሰ ቁጥር በመስተዋት ፊት ደረቱን የሚነፋ ጓደኛ ቢኖረን ማጥናቱንም እንዳይረሳ እንምከረው።

በመጨረሻም የወገብ ሕመም ትንሽ ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2020 እ. ኤ. አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው፤ ሰውን ከሥራ በማሰናከልም ከበሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ሆኖም የሕመሙ ምክንያት አቋቋም ብቻ አይደለም፤ የሸክም ብዛት፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ ጭንቀት፣ ትምባሆና ያለ እንቅስቃሴ መዋል ሁሉ ድርሻ አላቸው። ለሰው ሁሉ የሚስማማ አንድ ፍጹም አቀማመጥ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ባለሙያዎች የሚስማሙበት ቢኖር አቀማመጥን ቶሎ ቶሎ መለዋወጥና ጡንቻን ማጠንከር ነው።

4. ሁለት ሯጮች

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. በሮማ በባዶ እግሩ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ የተነሡትን ፊልሞች የተመለከተ ሰው፥ ራሱ እንደማይናወጥና ትከሻው እንደማይወጠር ያያል። የሚሮጠው እግሩ ነው፤ ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ ግን እንደ ተሳፋሪ የተረጋጋ ነው። በዚህ ሁኔታ ትንፋሽና ጉልበት በከንቱ አይባክኑም። በመጋቢት 1961 ዓ. ም. ግን በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ቢሆንም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ከታከመ በኋላ በ1962 ዓ. ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተሳተፈ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አከርካሪ ምን ያህል የከበረ ዕቃ እንደሆነና፥ የሰው ቀጥ ማለት በአከርካሪው ብቻ እንደማይለካ ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በአሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ፥ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሮቹን በግራ ክንዱ ይዞ ይሮጥ ስለ ነበር፥ በአትላንታ በ1988 ዓ. ም.፣ በሲድኒም በ1993 ዓ. ም. የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ እንኳ የግራ ክንዱ የማይታዩ ደብተሮችን እንደያዘ ታጥፎ ይታይ ነበር። ልማድ በአካል ላይ እንዲህ ይጻፋል። የኃይሌ ልማድ ከሩጫ ጋር ስለመጣ አልጎዳውም፤ በቀን አሥር ሰዓት በአልጋ ላይ ተጠቅልሎ ስልክ የሚነካካ ተማሪ የሚጽፈው ግን ምን ይሆን?

5. ሸክምና እናቶቻችን

ስለ አቋቋም የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ለቢሮ ሰው የተጻፉ ናቸው። «ወንበርህን አስተካክል፥ ጠረጴዛህን ከፍ አድርግ» ይላሉ። በአገራችን ግን አብዛኛው ጀርባ የሚጎብጠው በወንበር ላይ አይደለም። ገበሬው በአንድ እጁ እርፉን ጨብጦ፥ በሌላው ጅራፉን ይዞ ጎንበስ ብሎ ያርሳል፤ ጤፉን ጎንበስ ብሎ ያርማል፥ በማጭድም ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። እናት በጉልቻ ላይ ለተጣደ ምጣድ ትጎነበሳለች፤ ውሃ በእንስራ ወይም በጀሪካን፥ ማገዶንም በገመድ አስራ በጀርባዋ ትሸከማለች። በቆሰበር ገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጣውን ድንችና ቀርቀሃ ማን እንደተሸከመው መመልከት ይበቃል።

በ1986 እ. ኤ. አ. በኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት አስደናቂ ነገር አገኘ። እነዚህ ሴቶች የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ ያህል ሲሸከሙ ሰውነታቸው ከባዶ እጅ ጉዞ የበለጠ ኃይል አልፈጀም። ለዚህም ከልጅነት የተማሩት አረማመድ ምክንያት ሆኖ ተሰጠ። በ2010 እ. ኤ. አ. በደቡብ አፍሪካ በሌሎች ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ግን ይህን ጥቅም በሁሉም ላይ አላገኘውም። የመጀመሪያውን ብንቀበል እንኳ ሒሳቡን እናስላ። 50 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት አንድ አምስተኛዋ 10 ኪሎ ግራም ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውሃ ግን የጀሪካኑን ክብደት ሳንጨምር 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ሸክሟ ጥናቱ ከለካው እጥፍ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሜዳ ሳይሆን ዳገት ነው።

በጀርባው የተሸከመ ሰው የሚጎብጠው በስንፍና አይደለም። ሸክሙ ወደ ኋላ ስለሚጎትተው፥ ሚዛኑ ከእግሩ በላይ እንዲውል ወደ ፊት ማዘንበል ግድ ነው። ይህ የሜካኒክ ሕግ ነው። ስለዚህ የተሸከመችን እናት «ቀጥ በይ» ማለት ምክር ሳይሆን ስላቅ ነው። ለእርሷ የሚገባው ትምህርት የቦኖ ውሃ ወደ ቤቷ መቅረቡ፣ አህያና ጋሪ መገኘቱ፣ ምጣዷ ከፍ ባለ ምድጃ ላይ መውጣቱ ነው። የእህል ወፍጮ በየከተማው ሲተከል የድንጋይ ወፍጮ የነበረበትን የሴቶች ወገብ ምን ያህል እንዳሳረፈ እናቶቻችን ይነግሩናል፤ ያን ያደረገው ምክር ሳይሆን መሣሪያ ነው። እኛ በዩኒቨርስቲ የምንማር ልጆች ወደ ቤት ስንመለስ የመጀመሪያው የጀርባ ስፖርታችን ጀሪካኑን ከእኅታችን መቀበል ቢሆን ምን ይከፋል?

6. ትሕትናና ጉብጠት

ባህላችን ለታላቅ መጎንበስን ያስተምራል። እጅ መንሳትም ሆነ ለሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ያማረ ነገር ነው፥ ሊጠፋም አይገባውም። ነገር ግን ጎንበስ ማለት የሚያምረው ቀና ማለት ስለሚከተለው ነው። ሁልጊዜ የጎበጠ ሰው ለማን ጎንበስ እንዳለ አይታወቅም። አንዳንድ ቤት ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ልጅ «ደረቱን ነፋ» ይባላል፤ በተለይ ሴት ልጅ ቁመቷ ረዘም ያለ እንደሆነ ወይም ሰውነቷ ማደግ ሲጀምር ትከሻዋን ሰብስባ እንድትሄድ በዓይንም በቃልም ትገሠጻለች። ብዙ እኅቶቻችን ወደ ዩኒቨርስቲ የሚመጡት ይህን ሸክም ተሸክመው ነው። ጨዋነት በልብና በአንደበት እንጂ በተሸበለለ ትከሻ አይለካም። በክፍል ውስጥ እጇን አንሥታ ለመጠየቅ የምታፍር ተማሪ ጉዳይ ከትከሻዋ ይጀምራል ባንልም፥ ትከሻዋን እንድትሰበስብ ያስተማራት ያው ሰው ዝምታንም እንዳስተማራት ግን ግልጽ ነው።

7. ጉብጠት ሁሉ ልማድ አይደለም

አንባቢ ይህን ጽሑፍ ይዞ የጎበጠን ሁሉ እንዳይነቅፍበት አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ አከርካሪንም ይይዛል፤ አጥንቱን በልቶ ጀርባን ያጎብጣል። የእንግሊዝ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ. ኤ. አ. ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። አንዳንዱም በልጅነቱ አከርካሪው ወደ ጎን ይጣመማል፤ በእርጅናም አጥንት ሲሳሳ ጀርባ ይጎብጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ተግሣጽ አያቃናውም፥ ፌዝም ኃጢአት ነው።

ስለዚህ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር የመጣ እንደሆነ፥ ሌሊት የሚብስና የማያሳርፍ እንደሆነ፥ እግርን የሚያደነዝዝ ወይም የሚያደክም እንደሆነ፥ ሽንትን ለመሽናት ወይም ለመቆጣጠር የሚያስቸግር እንደሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በተለይ የመጨረሻው ለአንድ ቀን እንኳ የሚቆይ ነገር አይደለም።

8. ምን እናድርግ?

የሚከተሉት ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም፤ በመኝታ ክፍል ውስጥ ሊፈጸሙ ይችላሉ።

ሀ. በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት። ሲያጠኑ ሠላሳ ደቂቃ ካለፈ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተነሥቶ መራመድ። ትምህርት በዚህ አይጎድልም፥ ይልቁንም ይረጋል።

ለ. መጽሐፍን ወደ ዓይን ማምጣት እንጂ ዓይንን ወደ መጽሐፍ አለመውሰድ። ሁለት ሦስት ወፍራም መጻሕፍት ደርቦ በላዩ ላይ የሚነበበውን ማዘንበል ይበቃል። ስልክም ወደ ፊት ከፍ ይበል።

ሐ. ከግድግዳ ጋር መለካት። ተረከዝን ከግድግዳ ትንሽ አርቆ፥ መቀመጫን፣ ትከሻንና የራስን ኋላ አስጠግቶ ለአንድ ደቂቃ በዝግታ መተንፈስ። አገጭ ወደ ላይ አይንጋጠጥ፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሳብ።

መ. ጀርባን ማጠንከር። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ከመሬት ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ፥ አሥር ጊዜ። በሆድ ተኝቶም ደረትን ጥቂት ከፍ ማድረግ፥ አሥር ጊዜ። የሚያም ከሆነ መተው።

ሠ. ሸክምን በሁለት ትከሻ መካፈል። ከመሬት ዕቃ ሲነሣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ በጉልበት በርከክ ብሎ በእግር ኃይል መነሣት፤ በተሸከሙበት ጊዜ ወገብን አለመጠምዘዝ።

ረ. መራመድ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ. ኤ. አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያዛል። የዚህም ዝቅተኛው መጠን በቀን ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ፈጣን እርምጃ ነው። ዘንገና ሐይቅን የመሰለ ስፍራ በአቅራቢያው እያለው በሰንበት ከአልጋው የማይነሣ ተማሪ በራሱ ይፍረድ።

እንጨት በርጥቡ ይቃናል ይባላል። እኛ ገና ርጥብ ነን። ይሁንና ቀጥ ማለት ለኩራት ወይም ለፎቶግራፍ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሰበሩ ለመሥራት ነው። ነገ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ዳኛ ወይም መሐንዲስ የምንሆን ሰዎች፥ ከእኛ ይልቅ ጀርባቸው የጎበጠ ሰዎች ባወጡት ግብር የተማርን ነን። የራሳችንን ወገብ ካቃናን በኋላ ሥራው አላለቀም፤ የእነርሱን ሸክም ለማቃለል ስንነሣ ያን ጊዜ በእውነት ቀጥ ብለን ቆመናል።